ለሁለት ያልተቆረጠው የሰርግ ፊልም

ባዶው ዲስክ ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ ደርሷል። የሰርጉ ዲስክ ከነሽፋኑ እኔ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ዕለት ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር የሺ ጠብቃ አቆመችኝ። የሺ የሟቹ ጓደኛዬ የታፈረ ልጅ ናት። ከባሏ ከስመኘው ጋር ተጣልታ እህቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች። እሑድ ሊያስታርቋቸው ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ከነጠላዋ ጫፍ ዲስክ ፈትታ ሰጠችኝ። የሰርጓ ፊልም ነው።

«ጋሼ፣ ይችን ያስገልብጡልኝ። ምስሏ ሳይደበዝዝ፣ ምንም ሳይቀነስ። አባቴ ሲንቀሳቀስ፣ ሲናገር ያለው እዚች ላይ ብቻ ነው።»

«ስመኘው ያውቃል?»

«ሽፋኑን ቦታው ትቸዋለሁ። ከእሑድ በፊት እመልሳታለሁ፤ አይነቃም።»

እርቅ ሳይቀመጥ ሽማግሌ ከአንዱ ወገን ዕቃ አይቀበልም። ውሃ እንኳ ከአንዱ ቤት ብቻ አይጠጣም። ይህን ለሌሎች ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ... የታፈረን ስም ስትጠራብኝ ግን እጄ ተዘረጋ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ አለልኝ ቪዲዮ ቤት ሄድኩ። አለልኝ ዲስኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ እጥፍ የሚይዘው ዓይነት ነው ጋሼ። እኔ ጋ ያለው ባዶ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ልጨምቀው ብል ፊቱ ሁሉ ጉም ይለብሳል። ጥራቱ ሳይነካ ከፈለጉ ለሁለት ዲስክ ልክፈለው።»

«መቁረጫው የት ላይ ይወድቃል?»

ፊልሙን ወደፊት እየገፋ አየ። «ጉልበት ስመው ሲመረቁ... እዚያው መሐል።»

ታፈረን መሐል ለመሐል ማስቆረጥ አልሆነልኝም። እጥፍ የሚይዘውን ባዶ ከአዲስ አበባ እንዲያስመጣ ነገርኩት። አለልኝ ጭረት እንዳለው ለማጣራት ዲስኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ወደተያያዘው ማጫወቻ አዛወረው።

ምርቃቱ ጋ ሲደርስ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ፣ መብራት ሄደ። ዲስኩ ማጫወቻው ሆድ ውስጥ ቀረ።

«መብራት ካልመጣ አፉን አይከፍትም» አለኝ።

ምን ላድርግ ብዬ ወደ በሩ ስዞር አንድ ሰው ጃኬቱን ራሱ ላይ ደርቦ ዘው አለ። ስመኘው ነው።

«ጋሼ! እርስዎንም በረዶው ነው እዚህ ያስገባዎት?»

«አዎ... በረዶው።»

አለልኝ ጣሪያውን አየ።

ቤቷ ጠባብ ናት፤ ያለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር ነች። ስመኘው አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጉልበታችን ተነካካ። ከጃኬቱ ሥር የዲስክ ሽፋን አወጣ። ሽፋኑ ላይ የሺ በቬሎ ትስቃለች።

«አለልኝ፣ ይችን ኮፒ ታደርግልኛለህ? ጋሼም ሰምተው እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ። እሑድ ካልሆነልን ዕቃ መካፈላችን ነው፤ ይችን ደግሞ ለእሷ መስጠቴ አይቀርም። እኔ አባቴን አላውቀውም። አባት ሆኖ የመረቀኝ የሷ አባት ብቻ ነው።»

ሽፋኑን ከፈተው... ባዶ።

አገላብጦ አየው። ኪሱን ዳበሰ። ከዚያ ሳቅ አመለጠው።

«ቀደመችኝ! ይች ሴትዮ ቀደመችኝ እኮ!»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አለልኝ እኔን ያያል፣ እኔ በሩን አያለሁ... በረዶው ደግሞ ባሰበት።

መብራት መጣ። ማጫወቻው ማንም ሳይነካው ካቆመበት ቀጠለ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ እስከ መጨረሻው ተለቆ ነበርና ቤቱን የታፈረ ድምፅ ሞላው፦

«ቀስ በሉ ልጆች፣ ጉልበቴን ሰበራችሁት እኮ!»

ሰርገኛው ይስቃል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተንበርክከው እሷ አንዱን ጉልበት፣ እሱ ሌላውን ይስማሉ።

ስመኘው ምስሉን አየ። ከዚያ ማጫወቻውን። ከዚያ እኔን።

«ጋሼ... እርስዎ ነዎት ያመጧት?»

«እኔ ነኝ።»

«እሑድ የማን ሽማግሌ ሆነው ነው የሚቀመጡት?»

«የሁለታችሁ። ይልቅ ሊታረቅ የሚቀመጥ ሰው ኮፒ ምን ያደርግለታል?» አልኩት፤ ቀድሜ ብወቅሰው ይሻላል ብዬ።

«እሱንማ እኔም ልጠይቅዎ ነበር» አለኝ። «ሊያስታርቅ የሚቀመጥ ሰውስ?»

እሷ ኮፒ ስትፈልግ እርቁ አይሆንም ብላ ነበር፤ እሱም አይሆንም ብሎ ነበር... ለካ እኔም ዲስኩን የተቀበልኩ ዕለት አይሆንም ብዬ ጨርሻለሁ።

በረዶው እስኪያባራ መውጫ የለም። ሦስታችንም ሰርጉን አየን። ታፈረ ምርቃቱን ሲጨርስ ስመኘው በቀስታ «አሜን» ሲል ሰማሁት።

ሲነሳ ባዶውን ሽፋን እጄ ላይ አኖረው።

«እዚህ ውስጥ ይክተቷትና እሑድ ይዘዋት ይምጡ። እሷም ሽማግሌዎቹም ባሉበት፣ ማን እንደሰጠዎት እርስዎው ይናገሩ።»

ለየሺ እስካሁን አልነገርኳትም። ሁለቴ ደውላለች። «አለቀ ጋሼ?» ስትለኝ «ባዶው አልደረሰም» እያልኩ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ይህም ምክንያት የለኝም።

አለልኝ ጠዋት ሲደውል የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልገልብጠው ወይስ ይቆይ?»

ከታረቁ ለአንድ ቤት አንድ ዲስክ ይበቃል። እስከ እሑድ ባዶውን ሳይነካው እንዲያቆየው ነግሬዋለሁ።