የተቆለፈው የሩዝ መፈልፈያ

ወረታ ውስጥ ሞተር ሲቃጠል የምጠራው እኔ ነኝ። በሙያዬ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ግማሹን የፎገራ መፈልፈያ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ሴት መሆኔን የሚያነሡብኝ ሞተሩ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ቆሞ ሳለ ማንም አያነሣውም።

የደብራችን የሩዝ መፈልፈያ ችግሩ የታወቀ ነበር። አሮጌው ፓነል በማዞሪያ ቁልፍ የሚሠራ ስለነበር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የነፋሱ፣ የመፈልፈያውና የሩዝ ማውረጃው ሦስቱም ሞተሮች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ገለፈቱን የሚጠርገው ነፋስ ሳይጠነክር ሩዙ ይወርድና ገለፈቱ የማሽኑ ጉሮሮ ላይ ይታፈናል፤ ቀበቶው ያጨሳል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር የቅኔ መምህራችን ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። መፍትሔ እንድፈልግ የነገሩኝ እሳቸው ነበሩ።

እኔም ፒኤልሲ ይገባ አልኩ። ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ሳጥን ናት፤ ሞተሮቹን በተራ ታስነሣለች፣ በተራ ታቆማለች። ሳምንት ሙሉ መፈልፈያው ውስጥ ሽቦ ስቆጥር ከረምሁና በአንድ ገጽ ጻፍኩላቸው። ሳጥኗ ፊቷ ላይ ትንሽ ስክሪንና ቁልፎች ይኑሯት፤ ሠራተኛው ላፕቶፕ ሳይፈልግ ጊዜውን ያስተካክል። ፕሮግራሙም ሳይቆለፍ ለደብሩ ይሰጥ። የለመንኩት ይህንን ነበር።

በስብሰባው ቀን ከባሕር ዳር አንድ ሻጭ መጣ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ በእጁ የሚያብረቀርቅ ወረቀት። የእኔን ገጽ እንኳ አላነበበውም።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የመብራት ዝርጋታ አይደለም» አለኝ። «ኢንጂነሪንግ ነው።»

ጉባኤው ሳቀ። ወደ የኔታ ዞርኩ።

«ልጄ፣ እሱ የተማረበት ነው። ይሁን» አሉ።

ገጼን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሰውየው ያመጣት ሳጥን ስክሪን የላትም። ሲገጥም እኔ ኬብል እየላጥሁ አቀብለው ነበር። ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ እንኳ በፕሮግራሙ በኩል ብቻ ሊያሳልፈው ሲል፣ «ሳጥኗ ብትደነዝዝ የሰው እጅ ይቆረጣል፤ በቀጥታ ኃይሉን ይቁረጥ» ብዬ ተጣላሁት። አጉረምርሞ ሠራው። ፕሮግራሙን ስጠይቀው ግን «የድርጅቱ ምስጢር ነው» ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ።

ሩዙ ደረቅ እስከሆነ ድረስ መፈልፈያው ሠራ፤ አልክድም። በዓመቱ ግን የርብ ወንዝ ውኃ ከማሳው ዘግይቶ ሸሸ። ሩዙ እርጥብ ሆኖ መጣ፤ ገለፈቱ ከበደ፤ ነፋሱ አስቀድሞ ረዘም ላለ ጊዜ መንፈስ ነበረበት። የሚያስፈልገን ጥቂት ሰከንድ መጨመር ብቻ ነበር። ላፕቶፔን አገናኝቼ ስሞክር ሳጥኗ የይለፍ ቃል ጠየቀችኝ። ለሻጩ ደወልኩ።

«እንዳትነኪው! ነገ እመጣለሁ» አለኝ።

ነገ ከነገ ወዲያ ሆነ፤ ከዚያም ስልኩን ማንሣት ተወ። መፈልፈያው ቆመ፤ ጋሪዎች ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ። ሌሎቹ መፈልፈያዎችም በወረፋ ተጨናንቀዋል። ከይፋግ በኩል የመጣች አንዲት ገበሬ ጆንያዎቿ ላይ ተቀምጣ ሁለት ቀን ዋለች። ልፋቷ ከቁብ ሳይቆጠር እያየች እንኳ አልጮኸችም። በሦስተኛው ቀን እጇን ጆንያው ውስጥ ከታ፣

«ሞቋል» አለችኝ። «እህሉ ታፍኖ ሊበላሽብኝ ነው። እናንተ የምትፈሩት ሳጥኑን ነው ወይስ ሰውየውን?»

ፊቴ ጋለ። በቀጥታ ወደ ቅኔ ቤቱ ሄድኩ። የኔታ ተማሪ ቅኔ እያስነገሩ ነበር፤ ጨርሰው እስኪያዩኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

«የኔታ፣ ቁልፉን መስበር አልችልም። ያለውን ሁሉ ደምስሼ በራሴ መጻፍ ግን እችላለሁ። ይፍቀዱልኝ።»

«ሰውየው ከተነካ ዋስትናው ይቀራል ብሎ ነበር እኮ።»

«የማይመጣ ሰው ዋስትና ምን ያደርግልናል? ባይሳካልኝ አሮጌውን ፓነል ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ።»

ጥቂት አሰቡና መቋሚያቸውን አንሥተው ተከተሉኝ።

ደመሰስኩት። ባዶው ገጽ ላይ መጻፍ ጀመርሁ። የኔታ ጆንያ ላይ ተቀምጠው መስመር በመስመር ያስነግሩኝ ነበር።

«ይኸኛው ምን ይላል?»

«ነፋሱ ካልተነሣ መፈልፈያው አይነሣም።»

«ይኸኛውስ?»

«መፈልፈያው ካልተነሣ ሩዙ አይወርድም። መብራት ሄዶ ቢመጣ ደግሞ፣ ሰው አረንጓዴውን ካልተጫነ ምንም አይነቃነቅም።»

«ታዲያ ይህን ምን ያስቆልፈዋል?» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳጥኗ ስክሪን ስለሌላት በሩ ላይ አንድ መምረጫ ቁልፍ ገጠምኩ፤ በአንዱ ወገን «ደረቅ»፣ በሌላው «እርጥብ» ብዬ ጻፍኩበት። ፕሮግራሙን በአማርኛ በወረቀት ገልብጬ ከፓነሉ በር ውስጥ ለጠፍኩ። ወደ «እርጥብ» አዞርነው። ነፋሱ ነፈሰ፤ ቆየ፤ መፈልፈያው ተነሣ፤ ከዚያ ሩዙ ወረደ። ያች ሴት የመጀመሪያውን እፍኝ ተቀብላ በጥርሷ ሞከረችው፤ «በሉ፣ ቀጥሉ» አለች እንጂ አላመሰገነችንም። ልክ ነበረች።

በደብሩ ክብረ በዓል ቀን የጉባኤው ጸሐፊ በድምፅ ማጉያው ምስጋና አነበበ። «መፈልፈያችንን ላዘመነልን ለባሕር ዳሩ ኢንጂነር» አለ፤ ሻጩን ማለቱ ነው። ምእመናኑ አጨበጨቡ፤ እኔም በሴቶቹ በኩል ቆሜ ሰማሁ። በማግሥቱ የኔታ ቤት ሄጄ፣ «ይህ ነውር ነው» አልኳቸው፤ ለእሳቸው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ወረቀቱን ሳላየው ነው ያነበበው። ጥፋቱ ግን ከኔ የጀመረ ነው፤ በስብሰባው ቀን» አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ቆመው አረሙት። ያን ጊዜ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር።

ከወራት በኋላ ሻጩ ደወለልኝ። ሐሙሲት ከተማ አንድ መፈልፈያ ቆሞበታል፤ ያው ሳጥን፣ ያው ቁልፍ።

«የይለፍ ቃሉን ንገራቸዋ» አልኩት።

«እሱን እኔም አላውቀውም። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል። እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽውን ብትልኪልኝ...»

ያን ሁሉ ቀን ጋሪ ያስቆመብን፣ የዚያችን ሴት እህል ያሞቀባት ምስጢር፣ እሱ ራሱ የማያውቀው ነበር።

«ላንተ አልልክም» አልኩት። «የመፈልፈያውን ባለቤት ቁጥር ስጠኝ።»

ሐሙሲት በማግሥቱ ሄድኩ። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ባለቤቱን ወንበር አስመጥቼ ከጎኔ አስቀመጥኩት፤ እያንዳንዱን መስመር ራሱ እስኪያነብልኝ ድረስ ማሽኑን አላስነሣሁም።