እጁን የዘረጋው ሰውዬ

ማርች ሃያ ነበር፤ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ማግስት። ወይስ ዋዜማው? ጡረተኛው መምህር ቴዎፊሎ ቀኑ ይምታታበታል። ፊሊፒንስ፣ ኢሎይሎ ወደብ አጠገብ ባለው ባንክ ውስጥ፣ ከጎረቤቱ ከሉዝቪሚንዳ ጎን ተቀምጦ እግሩን ሲያርገበግብ እንደነበር ግን አይረሳም።

ሉዝቪሚንዳ ደረቅ ዓሣ ነጋዴ ናት። ያን ሰሞን እቁብ ወጥቶላት ለባሏ ጀልባ ሞተር ልትገዛበት አስባ ነበር። የድሮውን ሞተር በወረርሽኙ ጊዜ ራሷ ሸጣ፣ ብሩን ሰፈሩን ሁሉ ባሳበደው፣ በስልክ በሚገዛ እንደ ቢትኮይን ያለ ገንዘብ ላይ ብታፈሰው በኖ ቀርቷል። ባልየው ከዚያ ወዲህ የሚቀዝፈው በክንዱ ነው። አሁን ባንኩ ራሱ ቢትኮይን መሸጥ ሲጀምር ልቧ እንደገና ተነሣ።

«ያኔ ሌቦች ነበሩ፤ ይሄ እኮ ዘበኛ ያለው ቤት ነው። እስቲ ወረቀቱን አንብብልኝ ጋሼ።»

አነበበላት። እሱ ራሱ ባለፈው ሳምንት ከጡረታው ቆንጥሮ እዚሁ ቢትኮይን ላይ ማስገባቱን ግን ዋጥ አደረገው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እናቴ» አለች ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ወጣት የባንክ ሠራተኛ።

«ቆይ እስቲ የኔ ልጅ። በራችሁ ላይ ‹ተቀማጭዎ ዋስትና አለው› ይላል። ይሄንንም ይጨምራል?»

«እሱ ለቁጠባ ነው። ይሄኛው ዋስትና የለውም።»

«ከወደቀስ?»

«ኪሳራው የእርስዎ ነው።»

«እናንተስ?»

«እኛማ... ሲገዙም ሲሸጡም ኮሚሽናችንን ነው የምንወስደው።»

ሉዝቪሚንዳ ቀና አለች። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ማስታወቂያ አንድ ጎረምሳ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይስቃል። እሷም ሳቋ አመለጣት።

«አባባን አየሁት!»

አባቷ በአውራ ዶሮ ግጥሚያ ላይ ውርርድ ሰብሳቢ ነበር። እንደ እሱ ያለውን «ክርስቶስ» ይሉታል፤ እንደተሰቀለ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲጮህ ስለሚውል።

«ምን ይል ነበር መሰለህ ጋሼ? ‹ክርስቶሱ ዶሮ የለውም፤ የትኛውም ቢሞት እሱ እራቱን ይበላል።› አዳራሹ ስላማረ ዶሮው አይሞትም?»

«እትዬ፣ ባንክ ውስጥ የዶሮ ወሬ የለም!» አለ ዘበኛው።

«አንተ ደግሞ! እሁድ ዶሮ ግጥሚያው ላይ ስትጮህ አላየሁህም?»

ብዕሩን መልሳ፣ ገንዘቧን ጉያዋ ውስጥ ወሸቀችና ተነሣች። «ሞተር መሸጫው ሳይዘጋ ልድረስ።»

ቴዎፊሎ እየተጣደፈ ተከተላት። ያስገባሁትን ላውጣ ወይስ ልተው፣ ይህንኑ ብቻ ሊጠይቃት ነበር። «ሉዝቪሚንዳ» ሲል፣ ደጅ በቆመው የሕዝብ ማመላለሻ ጂፕኒ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋለች። በሞተሩ ጩኸት አልሰማችውም፤ እጇን አውለበለበችለትና ጂፕኒው ወደ ወደቡ ታጠፈ።