ጣቢታ ማላዊ ደርሳ መጣች

ጣቢታ በአምቦ ገበያ ድንች የምትሸጥ የጎጆ ከተማ ልጅ ናት። ድንቹ ከጎጆ በአይሱዙ ይመጣል፤ እሷ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትለቅማለች፣ ትመዝናለች፣ ከደንበኛ ጋር ትጨቃጨቃለች። ጎረቤቴ ስለሆነች ጠባይዋን አውቃለሁ፤ ለራሷ ምንም ጠይቃ አታውቅም። የአጥቢያችን የሴቶች አገልግሎት ሰብሳቢ ሆና ስትመረጥ እንኳ «ሌላ ሰው የለም ወይ» ብላ አኩርፋ ከርማለች። ወደ ማላዊ ሰው የመላክ ነገር የተነሳ ቀን ግን በጉባኤው መካከል ብድግ ብላ «እኔን ላኩኝ» አለች።

ለምን እንዳለች ሁላችንም ገብቶናል። አንድ ልጇ ሞቲ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደቀ፤ ያ ፈተና ማንን ያልጣለ አለ? ከዚያ ደላላ አግኝቶ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከታንዛኒያ ደውሎ «ነገ ማላዊ እንገባለን» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጠፋ። ማላዊ ውስጥ ደግሞ አጥቢያችን እህት ቤተ ክርስቲያን አለቻት። እሑድ እሑድ ስሟን ጠርተን እንጸልይላታለን፤ አልፎ አልፎም ሰው ይላካል። ጣቢታ «ጌታ በር ከፈተልኝ» ብትል አይፈረድባትም።

ከቄስ ነጋሳ ጋር ሄደች። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ የሚያስተረጉምላት እሱ ነው። ያረፈችው በዚያች ትንሽ ከተማ የሴቶቹ መሪ ከሆነችው ከኤስናት ቤት ነበር። ሰላምታው አልቆ ምሳ እንደተበላ ጣቢታ የሞቲን ፎቶ አውጥታ ለሴቶቹ አዞረች። ኤስናት ፎቶውን አየችና ቄሱን ጠቅሳ ይዛው ወጣች። ተመልሶ ሲገባ ጣቢታ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው።

«በዚህ የሚያልፈው ወጣት ብዙ ነው፤ እናጠያይቃለን ትላለች» አላት።

ኤስናት ያለችው ግን ሌላ ነው። ልጆቹን የጫነው መኪና ጫካ ዳር ጥሏቸው ሄዷል። ነፍሳቸው ያልወጣውን ተሸክመው ክሊኒክ ያደረሱት የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ሞቲ የሞተው ኤስናት አጠገቡ ተቀምጣ ነው፤ የተቀበረውም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ። «እናቱ ከመጣች እጇን ይዤ ልውሰዳት» አለች።

ቄስ ነጋሳ ለመናት። በእኛ አገር መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም፤ ቤቷ ገብታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ ነው የምትረዳው፤ እባካችሁ አንድም ሰው እንዳይተነፍስ አላት። ኤስናት ግራ ቢገባትም የእንግዳ ወግ ነው ብላ ተቀበለች፤ ለሌሎቹም ነገረች።

ቄስ ነጋሳ ክፉ ሰው አይደለም። እዚህ አገር ማንም የሚያደርገውን ነው ያደረገው። አባቴ ሲሞት እኔም ከባኮ የመጣሁት «ትንሽ አሞታል» ተብዬ ነው። ወጉ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የተበጀ ደግ ወግ ነው። ግን የተበጀው ሟቹ እዚህ ሆኖ ሐዘንተኛው ሩቅ ላለ ጊዜ ነው። ሐዘንተኛዋ መቃብሩ አጠገብ ስትቆም ምን ይደረግ? ይህን ማሰብ የተማረን ሰው ያቅተዋል ወይ ብዬ አሁንም እናደዳለሁ።

እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ፎቶውን ይዛ ዞረች። በገበያው፣ በአውቶቡስ ተራው፣ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለሰው ሁሉ አሳየች። የሚያውቁት አይተው አንገታቸውን ይደፋሉ። ኤስናት አልጋዋን ለቅቃላት መሬት ላይ ተኛች። እሑድ ጣቢታ በኦሮምኛ ስትዘምር ጉባኤው በሙሉ አለቀሰ። ሲለያዩም ኤስናት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በመጣች ማግስት እየሳቀች ነው። «ድምፄ እንዲህ ያስለቅሳል እንዴ?» አለችኝ። «እንደነሱ የሚወድ ሰው አላየሁም። እያጠያየቁልኝ ነው፤ ያገኙታል።» ፊቷ በርቶ ነበር። እኔም አብሬያት ተስፋ አደረግሁ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ የኔ በር ተንኳኳ። ቄሱና ሽማግሌዎቹ፣ ከጎጆ የመጡት ወንድሞቿም እኔ ቤት ተሰበሰቡና አብረን ገባን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስታየን የሚነግራት ሰው አላስፈለገም፤ «ሞቲ» ብላ ወደቀች፤ ደግፈን ያዝናት። ብዙ ካለቀሰች በኋላ «የት ነው ያለው?» አለች።

ቄስ ነጋሳ ነገራት። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ በክብር ቀብረውታል።»

ለቅሶዋ ቀጥ አለ። «መቼ ነው ያወቁት?»

«የደረስን ዕለት።»

«ማሎ፣ ቄስ ነጋሳ፤ ታዲያ ለምን?»

«ኣዴ ጣቢታ፣ በሰው አገር ብታለቅሺ ማን ይደግፍሽ ነበር?»

«ኤስናት» አለችው።

ዳግመኛ ልሂድ ብላ ጠይቃለች። የሚቀጥለው ተራ የሌሎች አጥቢያዎች ነው ተባለች፤ ከዚያም መንገዱ ሲከፋና ሰላሙ ሲጠፋ ጉዞው ራሱ ቀረ። በራሷ እንዳትሄድ ድንች ሸጦ ማላዊ የደረሰ የለም። እሑድ ለእህት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሲጀመር ተነስታ ትወጣለች። ገበያም ላይ መጨቃጨቅ ትታለች፤ የሰጧትን ትቀበላለች። ሰው «ቁርጡን ማወቋ ይሻላል» ይላል። እኔ የተሻለ ነገር አላየሁባትም።

በቀደም ድንቹን ስለቅምላት ቀና ሳትል ተናገረች። «ልጄ ከኋላዬ ተኝቶ፣ እኔ እዚያው ደጅ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው የት ነው እያልኩ ፎቶውን ለሰው አሳይ ነበር። እዚያ ድረስ ሄጄ ሳልጠይቀው መጣሁ።»