ሃይድሮጅኑን ልለካ ወረታ ሄድኩ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። የሚያስኬደኝ ወረታ አጠገብ ባለችው ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርተው ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነው። አሮጌዋ ፒካፔ ላይ ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅን ጋዝ ለውጦ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ አስገጥሜ፣ «ነዳጅ ቆጠበልኝ» ብዬ በስልክ አሞግሼለት ነበር። እሱም ለውሃ መሳቢያ ሞተሩ ያንኑ ሊገዛ ወይፈኑን ለመሸጥ ቆረጠ። ስሰማ ደነገጥኩ፤ ለክቼ አላውቅማ!

የጉማራን ወንዝ ስሻገር ሩዙ ታጭዶ ከብቶች ማሳውን ይግጣሉ። መንገድ ዳር ሽንኩርት ኪሎው በሃምሳ ብር ይሸጣል።

ወረታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሰው ጠይቄ ጋሽ ሰዒድ የሚባሉ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ደረስኩ። ዕቃውን አዩና፣ «ኤሌክትሪኩን ከየት ያገኛል?» አሉኝ።

«ከሞተሩ።»

«አህያ ቀለቧን ራሷ ብትሸከም ሸክሙ ይቀልላታል? ግን እኔንም አትመነኝ፤ እንለካው።»

ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ወጡ። ወረታ ማደያ የነዳጅ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልተን፣ አዲስ ዘመን ደርሰን ተመልሰን፣ እዚያው ማደያ ደግመን ሞላን። ቀጥሎ ዕቃውን አጥፍተን ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት ደገምነው። ሁለቴም ስድስት ሊትር ገደማ ገባ።

«ግን እኮ በፊት ቀንሶልኝ ነበር!» አልኩ።

«ዕቃው የተገጠመ ቀን ሌላስ ምን ተሠራ?»

አሰብኩ። «የአየር ማጣሪያው ተቀየረ፤ ጎማውም ተነፋ።»

ሳቁ። «እንግዲያ የቆጠበልህን አገኘኸው።»

ቁሐር ሚካኤል፣ ዘጠኝ ሰዓት

ጋሽ ሰዒድ «የወንድምህን ሞተር ሳላይ አልመለስም» ብለው አብረውኝ መጡ። ታደሰ ወይፈኑን ለገበያ አጥቦ አስሮታል።

«ጋሼ፣ ተሳስቼ አሳሳትኩህ» አልኩት ታደሰን።

«በስልክ ስትምልልኝ አልነበር?»

«ሳላጣራ ነው የማልኩት።»

ጋሽ ሰዒድ በዚህ መሐል የውሃ መሳቢያውን የአየር ማጣሪያ ፈትተው አራገፉት፤ የሩዝ ብናኝ ደፍኖታል። አጽድተው ሲያስነሡት ሞተሩ ድምፁ ጠራ፤ ጥቁር ጭሱም ጠፋ። ታደሰ ሄዶ ወይፈኑን ፈታው። እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ «ተው እንጂ ወንድሜ!» ብለው ትከሻውን ያዙ።

ባሕር ዳር

ሲመሽ ቤቴ ገባሁ። አንድ የማያውቁኝ ሰው ቀናቸውን ሙሉ ሰጥተው ከወንድሜ ጋር ከመቀያየም አዳኑኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሳይለኩ ማሞገስ ሌላውን ሰው ገደል እንደሚከት ገባኝ። በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ፣ ዕቃውን ያወደስኩላቸውን ሾፌሮች አንድ በአንድ ፈልጌ፣ «የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም» አልኳቸው።