የኮኪቷ በረኛ

ኮኪት ላይ ነገር ሁሉ የሚቀጠረው ለሰሊጥ ነው። ቤት የሚታደሰው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የታመመ ጎንደር ለሕክምና የሚወሰደው «ሰሊጥ ይግባና» ተብሎ ነው። እንዲህ ብሎ የቀጠረ ሰው ነገሩን ገፋው አይባልም፤ ቃል ሰጠ ነው የሚባለው። በዚያች ቆላ ከተማ በአስተማሪነት በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ይህን ቃል ያልሰጠም ያልተቀበለም ሰው አላጋጠመኝም።

ሰርክአዲስ አዛናው በዘጠና አራት ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ቁመቷ መለሎ፣ ክንዷ ቀጭን፣ መዳፏ ግን ሰፊ። እናቷ እትዬ ሀብትነሽ ከሱዳን በኩል በመኪና የሚመጣ ሐብሐብ በመንገድ ዳር ይሸጡ ነበር። መኪናው ሲራገፍ አንዱ ከላይ ይወረውራል፤ ከታች ያሉት እየተቀባበሉ ይደረድራሉ። የጣለ ሰው የፈረጠውን እየበላ ይሳቅበታል። ሰርክአዲስ ስትጥል ያየ አልነበረም። በዚያ ሰልፍ ላይ ወንድ ሴት ብሎ የሚለይ የለም፤ ከጎጃም ለሥራ የወረደው የቀን ሠራተኛም፣ የጎረቤት ልጅም፣ እሷም ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ሰሊጥ ሲታረምም እንደዚያው ነው።

ኳሱም ከዚያው ከሐብሐቡ መጣ። አንድ ቀን የነጋዴው ልጅ ካሊድ፣ የትምህርት ቤታችን አጥቂ፣ መኪናው ላይ ወጥቶ ሊያስጥላት ፈለገ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን ከራሷ በላይ እየወረወረ አደከማት። ሁሉንም ቀለበች።

«ይህች ልጅ እጇን ሙጫ ቀብታዋለች!» አለ ካሊድ እያለከለከ። «ነገ ሜዳ ነይ። በረኛችን ወንፊት ሆኖ አስጨርሶናል።»

«ሴት ምን አመጣት ቢሉኝስ?»

«ግብ ካልገባብሽ እኛ ምን ቸገረን? ያላ፣ ነይ!»

በማግስቱ በትምህርት ቤት ቀሚሷ ሥር የወንድሟን ሱሪ ለብሳ መጣች። የሜዳው ግብ ሁለት የግራር ግንድ ነበር። መጀመሪያ ጎረምሶቹ ሳቁባት። አንዱ፣ «ኧረ ተው፣ ቀሚስ ላይ ኳስ አይለጋም፤ ነውር ነው!» ሲል፣ ሰርክአዲስ ከግንዱ ሥር ሆና፣ «ለግተህስ መች አሳለፍክ?» አለችው። ከዚያ በኋላ የተሳቀው በእሱ ነው።

ወሬው ግን ከሜዳው ወጥቶ ከተማውን ዞረ። ጠጅ ቤት ውስጥ ሳይቀር በሁለት ተከፍለው ተከራከሩበት። በመምህራን ክፍል ደግሞ ርእሰ መምህሩ አቶ አለምሰገድ እና የስፖርት መምህሩ ጌች ተያያዙ። ጌች ሙሉ ስሙ ጌታቸው ነው፤ ያንን ስም ግን ከደመወዝ ቀን በቀር የሚጠራው አልነበረም።

«እኔ አትጫወት አላልኩም፤» አሉ አቶ አለምሰገድ። ደግ ሰው ነበሩ፤ የሚሉትን ከልባቸው ነው የሚሉት። «ሴት ከሴት ጋር ትጫወት ነው የምለው። ጎረምሳ ቢላተማት፣ ቢሰብራት፣ ለአባቷ ምን እንላለን?»

«ሴቶቹ የታሉ?» አለ ጌች። «ትልልቆቹ ሁሉ ለሠራተኛው ምግብ ሊያበስሉ እርሻ ወርደዋል። ያለችኝ አንዲት ናት፤ እሷም ከሁሉም ትበልጣለች።»

ጥር ላይ በወረዳው ከተማ በሸኸዲ የትምህርት ቤቶች ውድድር ይጠበቅ ነበር። የሰርክአዲስ ሐሳብ እንቅልፏን ሳይቀር ይዞት ነበር፤ ሸኸዲ ላይ፣ መረብ ባለው እውነተኛ ግብ መሐል መቆም። ጥቅምት ላይ ግን የውድድሩ ኃላፊ ሲመጣ የተቀላቀለ ቡድን እንደማይቀበል ተናገረ። «የሴቶች ቡድን ካመጣችሁ ግን ደስ ይለናል፤» ብሎ ሄደ።

ያን ዕለት ማታ አባቷ አቶ አዛናው፣ አቶ አለምሰገድና ጌች ከነሰርክአዲስ ቤት ደጅ ተቀምጠው መከሩ። እኔም በጎረቤትነት ነበርኩ።

«ሴቶች ብቻ ከሆኑማ ምን ከፋኝ፤» አሉ አቶ አዛናው። «ሰሊጥ ይግባና ልጆቹ ከእርሻ ይመለሳሉ። ያኔ ቡድኑ ይቁም። እኔው ራሴ መኪና አሳፍሬ ሸኸዲ እልካታለሁ። እስከዚያው ግን ከወንዶቹ መሐል ትውጣ።»

«ቃልዎ ነው አባባ?» አለች ሰርክአዲስ ከበሩ ጥግ።

«ቃሌ ነው።»

ጌችም ተስማማ፤ ነገሩ ልክ ይመስል ነበር። ካሊድ ሲሰማ ብቻ ተቆጣ። «አትልቀቂ! አንች ከወጣሽ ወዲያ ቦታውን ማን ይመልስልሻል?» አላት። «ቃል ሰጡኝ እኮ፤» ብላው በረኝነቱን ለአንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ለቀቀች።

ሰሊጡ ገባ። የዚያን ዓመት ሰሊጥ ደግሞ የሚያስመካ ነበር። ልጃገረዶቹም እንደተባለው ከእርሻ ተመለሱ፤ ጌች ሰብስቦ ልምምድ አስጀመራቸው። ሰርክአዲስ ለውባንች የኳስ አመታት፣ ለአሰፋች ማቀበል ስታሳይ፣ ወንዶቹ ከዳር ቁጭ ብለው እያዩ ያፏጩ ነበር።

ግን ሰሊጥ ሲገባ ገንዘብ ይገባል፤ ገንዘብ ሲገባ ሠርግ ይመጣል። ለልጆቹ ለኳስ የቀጠርንላቸው ጥር፣ አባቶቻቸው ለጋብቻ የቀጠሩላቸው ያው ጥር ነበር። ሁለቱ ቀጠሮ አንድ መሆኑን ከመካከላችን ልብ ያለ አልነበረም። ጎንደር ሰሊጥ ይዘው የወጡ አይሱዙዎች አልጋና ድምፅ ማጉያ ጭነው ተመለሱ። ሰኞ ኳስ ስትለጋ የዋለች ልጅ፣ ዓርብ እጇ በእንሶስላ ቀልቶ ከሜዳው ዳር ቆማ ትሰናበታለች። ውባንች ወደ አብርሃ ጅራ ተዳረች። አሰፋችን ወደ ሩቁ ገለጉ ወሰዷት፤ በዚያ መንገድ ገለጉ የሄደ ሰው ሞተም ዳነም አይሰማም። በመጨረሻ ሜዳው ላይ ሦስት ቀሩ።

«ሦስት ሆነን ከሆነስ ቅልብልቦሽ ይሻለናል፤» አለች ከቀሩት አንዷ፣ ቀልደኛዋ ጥሩአየሁ። ሰርክአዲስ አልሳቀችም።

ወደ ወንዶቹ ተመልሳ ሄደች። ካሊድ ተቀበላት፤ ጌችም አቶ አለምሰገድን ለመነ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ ብንወስድሽም ከሜዳው በር ይመልሱሻል። አንችን ማሳፈር ነው፤» አሏት።

አቶ አዛናው ግን ቃላቸውን አላጠፉም። በውድድሩ ቀን ማልደው ተነሥተው፣ በእጃቸው ደግፈው መኪናው ላይ አወጧት። «በይ፣ ሸኸዲ ያልኩሽ ይኸውና፤» አሏት። ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ጨዋታው ሲጀመር ሰርክአዲስ ከእኛ ልጆች ግብ ጀርባ ቆመች። መረብ ይኖረዋል ያለችው ግብ መረብ አልነበረውም። ሊያበቃ ሲል አንድ ኳስ ከሩቅ ተመታ፤ ቀላል ኳስ ነበር። ትንሹ በረኛ ወደ ግራ ወደቀ፤ ኳሱ በቀኙ አልፎ ገባ። ሰርክአዲስም አንድ እርምጃ ተራምዳ ከግቡ ጀርባ ቀለበችው። ደረቷ ላይ አቅፋው ቆመች።

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ካሊድ ብቻ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ኸላስ፣ አለቀ፤» አለ ለራሱ።

«አንች ልጅ፣ ኳሱን ስጭ እንጂ!» አለ ዳኛው። ሰጠችው።

በተከታዩ ዓመት ሰሊጥ ገባ፤ ሰርክአዲስም ተዳረች። ጌች ወደ ደጋ ተዛወረ። እኔም ቆይቼ ኮኪትን ለቀቅሁ።

ሁለት ሺ ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወደ መተማ ስወርድ በኮኪት አለፍኩ። ከመንገዱ ዳር የሐብሐብ መኪና ይራገፋል። ከሰልፉ መጨረሻ ሰርክአዲስ ቆማለች፤ ከስታለች፤ ግን እንደ ድሮው ሳታይ ነው የምትቀልበው። ከጎኗ ልጇ እፀገነት ከእናቷ እየተቀበለች ትደረድራለች። ሰላም ተባባልን፤ የእናት አባቷን ዕረፍት ነገረችኝ። ስለ ኳስ አላነሣንም።

በመሐል ልጅቱ፣ «እማ፣ የስፖርት መምህሩ ከወንዶቹ ጋር ገብተሽ በረኛ ሁኚ ብሎኛል። ልሁን?» አለች።

ሰርክአዲስ ከላይ የተወረወረውን ቀለበች፤ ለልጇ አቀበለቻት።

«ሰሊጥ ይግባና፤» አለቻት።

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ልጅቱ ደስ ብሏት ሐብሐቧን አስቀመጠች፤ ለሚቀጥለውም እጇን ዘረጋች።