ያስቸኮልኳት ጽጌረዳ

ኤረር በር አጠገብ ባለው ግቢያችን ያለችው ነጭ ጽጌረዳ ያመጣችብኝን ጉድ ላውጋችሁ። ጎረቤታችን አዴ ኸዲጃ በጋ ከክረምት፣ በየጠዋቱ በአጥራችን ብቅ ብለው «አንተ ልጅ፣ አበበች?» ይሉኛል። እኔም ማስረዳት ስለምወድ፣ «ገና ነው አዴ፤ በበጋ ታንቀላፋለች፣ ዝናቡን ጠጥታ መስከረም ላይ ታብባለች» እያልኩ ከሥሯ እስከ ቅጠሏ አስተምራቸዋለሁ። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ላስደስታቸው ብዬ፣ ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ባነበብኩት ዘዴ ቅርንጫፎቿን በጊዜ ገረዝኩ፤ ፍግም አለበስኳት። በሰኔ ፈካች! የመጀመሪያዋን አበባ ቆርጬ ቤታቸው ሮጥኩ።

አዴ አልተቀበሉኝም። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ቢጨንቀኝ መጽሐፉ ያለውን ሁሉ፣ የፍጉን ልክ ሳይቀር፣ ዘረዘርኩላቸው።

«ልጄ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኤደን ሲሄድ፣ ‹ያቺ ጽጌረዳ ስታብብ እመጣለሁ› ብሎኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አራት መስከረም አለፈ። እስክታብብ ድረስ ግን ‹ጊዜው ገና ነው› እያልኩ እተኛለሁ። አንተ ዘንድሮ ሦስት ወር ቀማኸኝ።»

አበባዋን እንደያዝኩ ለመሄድ ዞር አልኩ።

«ና እንጂ፣ አንተ አዋቂ!» ብለው ጠሩኝ። «እስኪ መጽሐፍህን እየው፤ አበባ የሚያዘገይ የለውም?»