ሦስተኛው ቁልፍ ባዶ ነበር

ወንድሜ በሞተ በአራተኛው ቀን፣ ከሀገር ወጥተን በምንኖርበት የሶማሌዎች ከተማ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ አብረን በተከራየናት ክፍል ውስጥ ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ገመድ የለውም፤ በብሉቱዝ ነው የሚሠራው። ወንድሜ ለሀገራችን ሰዎች ደብዳቤና ማመልከቻ ይጽፍበት ነበር። ኮምፒውተሩ የሰው ስለነበር ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው። የቀረኝ ኪቦርዱ ነው። ኪቦርዱና የወንድሜ ስልክ። ስልኩን ዘግቼ አስቀመጥኩት።

እናታችን አልሰማችም። ያለችው ኮምቦልቻ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። የሰፈሯ ሽማግሌዎች እሑድ ማለዳ ቤቷ ሄደው ሊነግሯት ተስማምተዋል። እስከዚያ ስትደውል «ሥራ ላይ ነው» እላታለሁ። አራት ቀን ዋሸኋት።

ሽማግሌዎቹ ሲነግሯት ደብዳቤ ይዘው እንዲሄዱ ፈለግሁ። እንዴት እንደሞተ የሚል። ማለቴ፣ ብቻውን እንዳልነበረ። እጁን ይዤው ነበር። ሸሃዳውን ሲል ሰምቼዋለሁ። ይህን ራሷ በዓይኗ እንድታነበው ነበር የፈለግሁት። እናቴ ማንበብ የተማረችው ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። የእጅ ጽሕፈት አይገባትም። የታተመ ከሆነ፣ ያውም ጎላ ያለ፣ ጣቷን እያስከተለች ታነባለች። ወንድሜ ሁልጊዜ እንደዚያ እያሳተመ ነበር የሚልክላት። በእጄ ብጽፍ ለሌላ ሰው ሰጥታ ታስነብበዋለች። ያንን በሌላ ሰው ድምፅ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

ጎረቤታችን፣ ልብስ የሚነግዱት ሴት፣ ያን ዕለት ከአስር ሰላት በኋላ ወደ ሀገር፣ ወደ ኮምቦልቻ ሊሄዱ ነበር።

«ጽፈህ አምጣልኝ» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ሹፌሩ አይጠብቅም። እኔንም ጥሎኝ ያውቃል።»

የስልኬ መስታወት ከታች በኩል ተሰንጥቋል። ፊደሎቹ የሚወጡበት ቦታ ጣት አይሰማም። ስለዚህ ኪቦርዱን ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። ከላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚሉ ቁልፎች አሉት፤ ሦስት ዕቃ ያስታውሳል። አንደኛው የኮምፒውተሩ ነበር። ኮምፒውተሩ ስለሄደ በእሱ ቦታ ስልኬን አስገባሁ። ተገናኘ። የሚጽፈው ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ወደ አማርኛ የሚቀይሩትን ሁለት ቁልፎች ወንድሜ ቀይ የጥፍር ቀለም አድርጎባቸው ነበር። «ሲጠፋህ ቀዮቹን አብረህ ተጫን» ይለኝ ነበር። ተጫንኩ። ምንም። ደግሜ ተጫንኩ። እሱ ያሳየኝ ነገር እምቢ ሲለኝ፣ ቀብሩ ላይ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ።

ጥጉ ላይ ስልክ ጠጋኝ አለ። ሶማሌ ነው፤ አማርኛ የለመደው እኛ ሀገር፣ ጅግጅጋ ከተማ ነው። ከወንድሜ ጋር በየቀኑ ሳይነታረኩ አይውሉም ነበር።

«ተበላሽቷል» አልኩት።

አገላብጦ አየው። «ዋላል» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ይኼ ካንተ የተሻለ ጤነኛ ነው። ለመሆኑ ዛሬ ፊትህን ታጥበሃል?»

«ቀዮቹ አይሠሩም።»

ስልኬን ከፈተና ጥቂት ቆየ። «ኪቦርድ እኮ ከማን ጋር እንዳለ ማወቅ አለበት። የኮምፒውተር ጠባይ ሌላ፣ የስልክ ጠባይ ሌላ። አንተ ስልኩን በኮምፒውተሩ ቦታ አስቀመጥከው። ይኼ ምስኪን አሁንም ኮምፒውተሩ ያለ ይመስለዋል።»

ቀዮቹን ቁልፎች በጣቴ ዳሰስኩ። እሱም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለተኛው ለስልክ የተስተካከለ ነው፤ በእሱ እናድርገው» አለና ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ያን ቁልፍ ተጭኖ ከያዘው የቀድሞው እንደሚጠፋ አውቃለሁ።

እጁን ያዝኩት። በኃይል ነው የያዝኩት። «እሱን አትንካ! የወንድሜ ስልክ ነው።»

«ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ተዘግቷል። ኪቦርዱ ግን ያስታውሰዋል።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ወንድሜ ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። ሰውየው ግን «አላህ ይርሐመው» አለና ጣቱን ወደሚቀጥለው ቁልፍ አሻገረ። «ሦስተኛው ባዶ ነው። ማንንም ከቦታው አናስነሣም።»

ተጭኖ ያዘው። ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ስልኬ ከተገናኘ በኋላ ሌሎች ቁልፎች ይዞ ቆየ። «አሁን አንድሮይድ መሆኑን ነገርኩት» አለኝ። ስልኬ ውስጥም የአማርኛውን መጻፊያ አስተካከለና ሌሎች ሁለት ቁልፎች አሳየኝ። «እዚህ ቋንቋ የሚቀየረው በእነዚህ ነው። ሞክር።»

«እናቴ» ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ ወጣ።

«ይኸው፣ ታረቀህ። እዚሁ ቁጭ ብለህ ጻፍ። ደንበኛ ከመጣ ግን ትነሣለህ።»

ሁለት ደንበኞች መጡ። አላስነሣኝም፤ ቆመው አነጋገሩት።

ጽሑፉ አልፈጠነልኝም። እየጻፍኩ አጠፋለሁ። ከጎኑ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጎላ አድርጌ ሳሳትመው አንድ ገጽ የማይሞላው ሦስት ገጽ ሆነ። ሮጥኩ። ሴትዮዋ መኪና ውስጥ ገብተዋል። በመስኮት ተቀበሉኝና ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ኧረ ተንፍስ፤ ደርሰሃል» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ሰልሏል።

«ራሴ ነኝ ያነበብኩት» አለች። «እናንብብልሽ ሲሉኝ ከለከልኳቸው። እውነት እጁን ይዘኸው ነበር?»

«ይዤው ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ፣ «ስለ ራስህ ግን አንድም ቃል የለበትም። ምን ትበላለህ? ማን አለህ? ጻፍልኝ። ፊደሉን ደግሞ እንዳታሳንሰው» አለችኝ።

በማግሥቱ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። ሻጯ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለኪቦርድ ስላት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። አዲሶቹ ሁለት ቁልፎች ላይ ነጥብ ነጥብ አደረግሁ። ቀዮቹን አልፋቅኋቸውም። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅሁና ምን እንደምበላ እጽፍላት ጀመር።